አራት «የመጨረሻ» ፋይል

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም በአንድ የገበሬዎች ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የበቆሎ ግዥ ሠንጠረዡን ከቡሬና ከደምበጫ ባልደረቦቼ ጋር በኢሜይል እንለዋወጣለን። ሰሞኑን «የመጨረሻ» የሚል ስም ያላቸው አራት ፋይሎች ደረሱኝ። የቱን ልመን?
እህታችሁ

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ገብቶኛል። እኔም ደብረ ማርቆስ ስሠራ አሮጌ ሠንጠረዥ አምኜ የአንድ ገበሬ ክፍያ ሁለት ሳምንት አዘግይቻለሁ። ሰውየው ሦስት ጊዜ በእግሩ ተመላለሰ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ኢሜይል ደብዳቤ ነው። ፋይል አያይዘሽ በላክሽ ቁጥር ሌላ ቅጂ ይፈጠራል። ሦስት ሰው ሲያርመው ሦስት የተለያየ ሠንጠረዥ ይሆናል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ደግሞ የቀድሞውን ምልልስ አያገኘውም።

ስለዚህ አራቱንም አትመኚ። ዛሬውኑ ከደረሰኞቹ ጋር አመሳክሪና ትክክለኛውን አንድ ጎግል ሺትስ (በኢንተርኔት በጋራ የሚሠራበት ሠንጠረዥ) ላይ አስገቢው። ሁላችሁም እዚያው ጻፉ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይታያል፤ የቀድሞውንም መመለስ ይቻላል። ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ክሮም በሚባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድመሽ አስተካክዪው። ኔትወርኩ ሲመለስ ግን የተጋጨ ቁጥር እንዳይኖር እዪ።

አስቸኳይ ከሆነ ደውዪ። ኢሜይሉን ለውልና ለማስረጃ አቆዪው።