ዝናቡ የት ይገባል?

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት መሐንዲስ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የእናቴን ጓሮ ሊሾ ላስደርገው ነው። ክረምት ሳይገባ መጨረስ አለብኝ። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃኛል?» አለኝ። ስፋቱን ጠየቅኩት። 5 በ4 ሜትር ነው። ወዲያው አስልቼ «7 ኩንታል» አልኩት። አመስግኖኝ ስልኩን ዘጋ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን የምጽፈው ለእሱና እሱን ለምትመስሉ ልጆቼ ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ከማድ ቤቱ ጀርባ 6 በ8 ሜትር የሆነ ጓሮ ነበራት። ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጤና አዳም። ለእኛ ክረምት ማለት ይህ ጓሮ ነበር። ሰኔና ሐምሌ ድንቹን እንኮተኩታለን። ፍልሰታ ሲገባ ጎመኑ ደርሶ ይጠብቀናል። እናቴ የምትቀነጥሰው ከታች ያሉትን ቅጠሎች ብቻ ነው፤ ልቡን አትነካም። በዚህ አያያዝ ያው አንድ ግንድ ክረምቱን ሙሉ ያበላን ነበር። ቀቅላ፣ ከትፋ፣ በሽንኩርትና በዘይት ታቁላላዋለች። ነጭ ሽንኩርቱ በመጨረሻ ይገባል። ቃሪያ ጣል ታደርግበታለች።

ከሰዓት በኋላ ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሻይ ይጣዳል። በኩበት እሳት። ውሃው ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ጦስኝ ነው፤ የሻይ ቅጠሉ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው የሚጨመር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስመለስ አንድ ቀን ላስተምራት ሞከርኩ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ባቄላው ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው አልኳት። ረጋ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ለዚህ አይደል ክዳኑ ላይ ድንጋይ የምጭነው» አለች። እንፋሎቱን አፍኖ መያዝ እኔ ከመማሬ በፊት ታውቀው ነበር።

በ1993 ክረምት ጓሮው ውስጥ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። እጇን ወለም አላት። እኔ ያኔ የመንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ለሐዘኔታ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። የነበረኝ ገንዘብ ነው። በ1994 ግንቦት ሁለት ግንበኛ ይዤ ሄድኩ። 17 ኩንታል ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር። ቁጥሩን ዛሬም አልረሳሁትም። እማዬ ከእንግዲህ ጭቃ አትረግጪም አልኳት።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በነበረው ምሽት ጎመኑን በሙሉ ነቅላ ለጎረቤት አከፋፈለች። ደግነቷ ነው ብዬ አለፍኩት። ጤና አዳሙን ከነአፈሩ አነሳችና በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ተከለችው። ጠዋት ግንበኞቹ ሲያቦኩ ደጃፉ ላይ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ዝናቡ የት ይገባል?»

«ቦይ ሠርቼለታለሁ፤ ወደ መንገዱ ይወጣል» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ተዳፋቱን በጣቴ አሳየኋት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ገባች።

ነሐሴ ላይ ለፍልሰታ ተመለስኩ። ጎመን አቀረበችልኝ። ከየት ነው ስላት ከገበያ አለች። በሕይወቷ ጎመን ገዝታ አታውቅም ነበር። ጓሮው ንጹሕ ነው። ውሃው እንዳሰብኩት በቦዩ ይወርዳል። እሷ በርጩማ አውጥታ ጀሪካኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ «ላፍርሰው?» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በ2003 እስክታርፍ ድረስ በየዓመቱ እየሄድኩ ነበር፤ አንድም ጊዜ አላልኩም።

አትክልት እንዴት እንደሚተከል አልነግራችሁም፤ ስልካችሁ ላይ አለ። ግን ክረምት በመጣ ቁጥር «ደበረኝ» ስትሉ እሰማለሁ። ምግቡን በስልክ አዝዛችሁ፣ ሻዩን በከረጢት ነክራችሁ፣ መስኮት ዘግታችሁ ነው የምታሳልፉት። እንዴት አይደብራችሁ! አፈር የማይነካ ትውልድ ነው እላለሁ። እንዲህ ስል ደግሞ ጎረቤቴ ያለችው ልጅ ትዝ ትለኛለች። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሰላጣና በሶብላ በጀሪካን ታበቅላለች። ለዓመት በዓል አንድ እቅፍ በሶብላ ሰጥታን ነበር። ስለዚህ ሁላችሁንም አልልም። እኔ ራሴ ያኔ ከእናንተ የባሰ ነበርኩ።

ጭቃ ጥሩ ነው እያልኩም አይደለም። እናቴ በእውነት ወድቃ ነበር። የሚያዳልጥ መንገድ ለአሮጊት አደጋ ነው፤ የእኔም ቤት በር ላይ ሲሚንቶ አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያን ቀን የሰጠሁህን መልስ ተወው። ከማድ ቤቱ በር እስከ ቧንቧው ድረስ 80 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መንገድ ብቻ አስወጣ። 5 ሜትር ርዝመት ቢሆን በ10 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ኩንታል ተኩል ይበቃሃል። ላዩን አታለስልሰው፤ እግር እንዲይዝ ሸካራ ይሁን። ግንበኛው ሲባጎ ከመወጠሩ በፊት ደግሞ እናትህን ይዘሃት ጓሮ ውጣ። ጤና አዳሙ የቱ ጋ እንዳለ ታሳይህ። መንገዱ በዚያ በኩል ከሆነ አዙረው።