ማትላብ ላይ አዲስ መስመር እምቢ ሲል

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ «የሙቀት መጠን ግራፍ በማትላብ፣ በስሌትና በግራፍ መሥሪያው የፕሮግራም ቋንቋ፣ እየሠራሁ ነው። ርዕሱ ላይ የጣቢያው ስም ከላይ፣ ዓመቱ ከሥር እንዲሆን ፈልጌ መሃል ላይ ባክስላሽ ኤን (\n)፣ የአዲስ መስመር ምልክቱን፣ አስገባሁ። ዲስፕ በሚባለው የማሳያ ትዕዛዝ ሳወጣው ምልክቱ እንዳለ ቁጭ ይላል። ግራፉ ላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ያወጣብኛል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ እኮ ይሠራልኝ ነበር!»

እህቴ፣ ጣጣውን ያመጣብሽ የፓይተን ልማድ ነው። ፓይተን በጥቅስ ውስጥ ባክስላሽ ኤን ካየ ወዲያው አዲስ መስመር ያደርገዋል። ማትላብ ግን ነጠላም ይሁን ድርብ ጥቅስ ውስጥ ያለውን አይነካም። ለእሱ ሁለት ተራ ምልክቶች ናቸው። የማትላብ ዘመድ የሆነው ኦክታቭ ደግሞ በድርብ ጥቅስ ይቀይረዋል፣ በነጠላ አይቀይርም። ከአንዱ ወደ ሌላው ኮድ የሚገለብጥ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ማትላብ ላይ ምልክቱን የሚተረጉምልሽ ስፕሪንትኤፍ (sprintf) የሚባለው ፈንክሽን ነው። ጽሑፍሽን በእሱ አሳልፊው፣ ይሠራል። የዊንዶውስ ፋይል አድራሻ ካለበት ግን ተጠንቀቂ። «ኒው» የሚባል ፎልደር ካለሽ ከባክስላሹ ቀጥሎ ኤን ይመጣል፤ አድራሻው እዚያው ላይ ለሁለት ይሰበራል።

እኔ የምመርጠው ኒውላይን (newline) የሚባለውን፣ የአዲስ መስመር ምልክት የሚሰጥሽን ፈንክሽን ነው። ከ2016ቢ እትም ጀምሮ አለ። ማትላብሽ ከዚያ የቆየ ከሆነ ቻር 10፣ char(10)፣ ያው ነው፤ 10 የአዲስ መስመር የቁጥር ኮድ ነው። በነጠላ ጥቅስ የምትጽፊ ከሆነ ስሙን፣ ኒውላይንን እና ዓመቱን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ደርድሪያቸው። ዓመቱ ቁጥር ከሆነ አስቀድመሽ በነምቱስትር (num2str) ወደ ጽሑፍ ቀይሪው፤ አለዚያ በ2015 ፋንታ አንድ የማታውቂው ፊደል ብቅ ይላል። በድርብ ጥቅስ ከሆነ በመደመር ምልክት ማያያዝ ይበቃል፣ ቁጥሩንም ራሱ ይቀይረዋል። ነጠላ ጥቅስን በመደመር ከሞከርሽ ግን የሚወጣልሽ ቁጥር ነው፦ የትንሿ ኤ ኮድ 97 ነው፣ የኒውላይን 10 ሲጨመርበት 107።

ለአንቺ ግራፍ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ርዕስ በሚያስገባው ታይትል (title) ውስጥ ሁለቱን ጽሑፎች በጥምዝ ቅንፍ፣ ከርሊ ብራኬት በምንለው፣ በኮማ ለይተሽ አስገቢ። እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ይቀመጣል። የግራፉን ሁለት ዘንጎች የሚሰይሙት ኤክስሌብል እና ዋይሌብልም እንደዚያው ናቸው። ሌጀንድ ላይ፣ የትኛው መስመር ምን እንደሆነ በሚገልጸው ሣጥን ላይ፣ ግን አይሆንም። እዚያ ቅንፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ጽሑፍ የተለየ የግራፍ መስመር ስም አድርጎ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ለሌጀንድ ወደ ኒውላይን ተመለሺ።