የሰርቨር ዲስክ ሳይታሰብ ሲሞላ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። የምናገረው ስለ ሊኑክስ ሰርቨር ሲሆን፣ ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ምንም ፋይል አትሰርዙ። ይህን ደጋግሜ ስለምለው ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ የሰርቨሬ ዲስክ በየጊዜው እየሞላ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በዚህ አጠያየቅ መልስ ልሰጥዎ አልችልም። የሞላው የትኛው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ነው? በቀን ስንት ጊጋባይት ይጨምራል? ሰርቨሩ ላይ የሚሠራውስ ምንድን ነው? ዲኤፍ (df፣ የተያዘና ነፃ ቦታን የሚያሳይ ትዕዛዝ) እና ዲዩ (du፣ የማውጫዎችን መጠን የሚደምር ትዕዛዝ) የሚያሳዩዎትን ቁጥር ይዘው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ማውጫዎቹ እጅግ ብዙ ከመሆናቸው የተነሣ ፍለጋውን ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ዲዩን ከሩት (ከሁሉም በላይ ካለው ማውጫ) ጀምረው፣ ጥልቀቱን በአንድ ደረጃ ገድበው፣ በኤክስ ምርጫ (-x) ያስኪዱት። ኤክስ ከሌለ ማውንት ወደተደረጉት (በማውጫ ላይ ወደተገናኙት) ሌሎች ዲስኮች ጭምር እየገባ የማይመለከትዎትን ሁሉ ይደምርብዎታል። ውጤቱን በመጠን ደርድረው ወደ ትልቁ ይግቡና ይድገሙት፤ ኤንሲዲዩ (ncdu) የተባለው ፕሮግራም ካለዎት ይህንኑ ሥራ ያቀልልዎታል። ነገር ግን ትልቅ ፋይልና እያደገ ያለ ፋይል አንድ አይደሉም። ለሁለት ዓመት 200 ጊጋባይት ሆኖ የቆየ የዳታቤዝ ፋይል ምንም አላጠፋም፤ መጠርጠር ያለበት ትናንት 2 ጊጋባይት ሆኖ ዛሬ 9 የደረሰው ነው። ስለዚህ የዲዩን ውጤት አስቀምጠው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደገና ያስኪዱና ሁለቱን ያስተያዩ። የሚያስቀምጡት ግን በሞላው ዲስክ ላይ አይሁን፤ ይህን የሚያደርግ ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ዲኤፍ ተይዟል የሚለው መጠን ዲዩ ከሚደምረው በእጥፍ ይበልጣል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ፤ የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር ነው። ዲኤፍ ስንት ብሎክ (የዲስክ ቦታ የሚቆጠርበት ቁራጭ) እንደተያዘ የፋይል ሥርዓቱን ራሱን ይጠይቃል፤ ዲዩ ግን ከማውጫ ማውጫ እየዞረ በስም ያገኛቸውን ፋይሎች ብቻ ይደምራል። በሊኑክስ ፋይል መሰረዝ ማለት ስሙን ከማውጫው መፋቅ ማለት ነው። ብሎኮቹ የሚለቀቁት የፋይሉ የመጨረሻ ስም ከተፋቀና ፋይሉን ከፍቶ የያዘው የመጨረሻው ፕሮሰስ (በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም) ከዘጋው በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ደንግጦ ትልቁን ሎግ (ፕሮግራም ክንውኖቹን የሚመዘግብበትን ፋይል) በአርኤም (rm) ትዕዛዝ ሲሰርዘው፣ ዌብ ሰርቨሩ ፋይሉን እንደያዘ ከሆነ፣ አንድም ባይት አይመለስለትም፤ ፕሮሰሱ መጻፉን ይቀጥላል፣ ሰውየው ደግሞ ፋይሉን የሚያገኝበትን ስም በገዛ እጁ አጥፍቷል። አትሰርዙ የምለው ለዚህ ነው። የተከፈቱ ፋይሎችን የሚያሳየውን ኤልኤስኦኤፍን (lsof) በፕላስ ኤል 1 ምርጫ (+L1) ሲያስኪዱት ስማቸው ተፍቆ አሁንም የተከፈቱትን ፋይሎች ከነመጠናቸውና ከያዛቸው ፕሮሰስ ቁጥር ጋር ይዘረዝርልዎታል።

እዚያ ምንም ካላገኙ በማውንት ሥር የተሸፈነ ነገር ይፈልጉ። የባክአፕ ዲስኩ ማውንት ሳይደረግ ባደረበት ሌሊት ባክአፑ በባዶው ማውጫ ውስጥ፣ ማለትም በዋናው ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ በማግሥቱ ዲስኩ ማውንት ሲደረግ የተጻፈው ሁሉ ከሥሩ ይሸፈናል፣ ዲዩም አያየውም። ሩቱን በባይንድ ማውንት (አንድን ማውጫ በሌላ ቦታም በሚያሳይ ማውንት) በሌላ ማውጫ ላይ ሲያወጡት የተሸፈነው ይገለጣል። እኔ ራሴ ይህን እስክረዳ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ጥያቄ፦ ዲኤፍ 40 በመቶ ነፃ ነው እያለ ሰርቨሩ ቦታ የለም ብሎ አልጽፍ አለ።

መልስ፦ አይኖድ (እያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያስፈልገው የፋይል ሥርዓቱ መዝገብ) አልቆብዎት ይሆናል፤ ዲኤፍን በአይ ምርጫ (-i) ይመልከቱት። በኢኤክስቲ4 (ext4) የፋይል ሥርዓት የአይኖድ ብዛት የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚፈጁት ማንም ያላጸዳቸው ጥቃቅን የሴሽን (የድረ ገጽ ጎብኚዎች ቆይታ) ፋይሎች ናቸው። ከመሰረዝዎ በፊት ማን እንደሚፈጥራቸው ይወቁ።

ጥያቄ፦ በዊንዶውስ ሰርቨርስ ይህ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ የእኔ ሙያ አይደለም። የሚያውቅ አባል ቢመልስ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሥር ፒጂ ዋል (pg_wal) የሚባለው ማውጫ 90 ጊጋባይት ደርሷል። ሎግ ስለሆነ የቆዩትን ብሰርዛቸው ምን አለበት?

መልስ፦ አይንኩት! ሎግ የሚለው ስም አያታልልዎት፤ ይህ ዳታቤዙ ከድንገተኛ መቋረጥ በኋላ ራሱን የሚያነሣበት መዝገብ ነው፣ ሲጎድል ዳታቤዙ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ማውጫው ቀድሞ ፒጂ ኤክስሎግ (pg_xlog) ይባል ነበር፤ እንደ ተራ ሎግ እየቆጠሩ የሚሰርዙት ሰዎች ስለበዙ በ2017 በወጣው ቅጽ 10 ስሙ ተለወጠ። ስሙን ቢለውጡትም ጥያቄው እስካሁን አልቆመም። መጠየቅ ያለበት ዳታቤዙ ፋይሎቹን ለምን እንዳቆያቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ የተረሳ ሬፕሊኬሽን ስሎት (ሬፕሊካው፣ ማለትም ቅጂው ዳታቤዝ፣ የት እንደደረሰ የሚይዝ ምልክት) ነው፤ ሬፕሊካው ከጠፋ ወራት ቢያልፉም ስሎቱ እስካልተነሣ ድረስ ዋናው ዳታቤዝ ይመለሳል እያለ ሁሉንም ያስቀምጥለታል። ስሎቱ ካልሆነ ደግሞ ወደ አርካይቭ የሚገለብጠው ትዕዛዝ እየከሸፈ ይሆናል። ምክንያቱን ሲያስወግዱ ዳታቤዙ በሚቀጥሉት ቼክፖይንቶች (ለውጦቹን ወደ ዲስክ አጠናቅቆ በሚጽፍባቸው ጊዜያት) ራሱ ያጸዳዋል። ከቅጽ 13 ጀምሮ አንድ ስሎት ሊያስቀምጥ በሚችለው መጠን ላይ ጣሪያ ማበጀት ስለሚቻል፣ ያንን ቅንብር ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ በዶከር የሚሠሩ ኮንቴይነሮችስ (ተለይተው የታሸጉ ፕሮግራሞችስ)?

መልስ፦ በተለመደው ቅንብር የኮንቴይነር ሎግ በጄሰን ፋይል ሲጻፍ የመጠን ገደብ የለውም። ገደብ ያብጁለት፤ አዲሱ ቅንብር የሚሠራው ግን ዳግም ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ብቻ ነው።

አንድ አባል፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? ሎጎችን በየጊዜው በሚያፈራርቀው ሎግሮቴት ላይ ኮፒትራንኬት የሚለውን ምርጫ ብናበራ ፋይሉ ተገልብጦ በቦታው ባዶ ስለሚሆን፣ ከፍቶ ስለያዘው ፕሮሰስ መጨነቅ አይኖርብንም።

ሌላ አባል፦ በመገልበጡና ባዶ በመደረጉ መካከል የተጻፉት መስመሮች እንደሚጠፉ ረሱት? የክፍያ መዝገብ በዚህ መንገድ አይያዝም። በዚያ ላይ ለመገልበጥ ሌላ ነፃ ቦታ ይፈልጋል፤ በሞላ ዲስክ ላይ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው አባል፦ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም መስመር ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ሌላው አባል፦ አለመጥፋቱን በምን አወቁ? የጠፋ መስመር ጠፋሁ ብሎ አይጽፍም።

መልስ፦ ይብቃችሁ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ዘግቶ እንደገና እንዲከፍት በሲግናል (ለፕሮሰስ በሚላክ አጭር መልእክት) ማዘዝ የሚቻል ከሆነ ሲግናሉ ይሻላል፤ ካልተቻለ ኮፒትራንኬት ይሁን። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ዲስክ ሲሞላ የትኞቹን ፋይሎች መሰረዝ ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ፤ እንዳዘዙኝ ቁጥሮቹን ይዤ መጥቻለሁ። የሞላው ሩት ነው። ዲኤፍ 212 ጊጋባይት ተይዟል ይላል፣ ዲዩ የሚያገኘው 71 ብቻ ነው። ኤልኤስኦኤፍ ደግሞ የተሰረዘ የሚል ምልክት ያለበት 139 ጊጋባይት የሆነ የዌብ ሰርቨር ሎግ አሳየኝ። ሰርቨሩን ሪስታርት ላደርገው?

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው። ማሽኑን ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም፤ ለዌብ ሰርቨሩ ሎጎቹን ዘግቶ እንዲከፍት የሚያዝዘውን ሲግናል ይላኩለትና ቦታው ይለቀቃል። ሲግናሉን የማይቀበል ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ፣ በፕሮክ (/proc) ማውጫ ሥር በፕሮሰሱ ቁጥር ገብተው ኤፍዲ (fd፣ የከፈታቸው ፋይሎች ያሉበት) ውስጥ ያለውን ፋይል ባዶ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ ይዘቱ ግን አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ሲግናሉን ልኬ ዲኤፍ ወደ 73 ወረደ። ሎግሮቴቱን ስመለከተው አዲስ ፋይል ይፈጥራል እንጂ ለዌብ ሰርቨሩ የሚያሳውቅ መስመር የለውም።

መልስ፦ ምክንያቱን ራስዎ አግኝተውታል። ሲግናሉን የሚልከውን ትዕዛዝ በሎግሮቴቱ ቅንብር ፖስትሮቴት (ከማፈራረቁ በኋላ የሚሠራው) ክፍል ውስጥ ዛሬውኑ ይጻፉት፤ ሎግሮቴቱንም በእጅ አስገድደው አንድ ጊዜ ያስኪዱና ኤልኤስኦኤፍን ደግመው ይመልከቱ።