ጠዋት የሚጠፋው ጠቅጠቅታ እና አቀበት ላይ የሚመጣው ድምፅ

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከማራኪ አካባቢ ነው። ጠያቂው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራ፣ ካርቡራቶር ያለው ቶዮታ ኮሮላ ይነዳሉ። መኪናው ጠዋት ሲነሣ ፈጣን ጠቅጠቅታ ያሰማል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ከአዘዞ ወደ ከተማ ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ ቆሎ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሚመስል ሌላ ድምፅ ይመጣል። አንድ መካኒክ ባልቦላ (የሞተሩ የአየርና የጭስ በር) ነው ብሎ ሁለት ጊዜ አስተካከለ፤ ሌላው ወፍራም ዘይት ቀየረ፤ ሦስተኛው «ብሮንዚና (በሚሽከረከሩ የሞተር ብረቶች መካከል ያለው መደገፊያ) በልቷል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለ። «ማንን ልመን?» ይላሉ።

የተከበሩ ጠያቂ፣ ከገለጹልኝ ውስጥ ከሁሉ የጠቀመኝ ድምፁ የሚሰማበት ሁኔታ ነው። የድምፅን ዓይነት በጽሑፍ መግለጽ ለማንም ይከብዳል፤ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚጠፋ ግን እርስዎ በትክክል ነግረውኛል። ከዚህ ተነሥቼ ስገምት መኪናዎ ያለበት አንድ ችግር ሳይሆን እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ችግሮች ናቸው። ሦስቱ ባለሙያዎች ሳይስማሙ የቀሩትም ሁለቱን ድምፆች እንደ አንድ ቆጥረው ስለፈረዱ ይመስለኛል።

አስቀድመን ከባዱን ፍርድ እንመርምር፤ ሞተር ማውረድ ብዙ ገንዘብ ያስወጣልና። የቢኤላ፣ ማለትም ፒስተንን ከኮሎ (ከሞተሩ ዋና የሚዞር ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ብሮንዚና ሲበላ የሚሰማው ድምፅ ከታች፣ ከዘይት መያዣው በኩል የሚመጣ ከበድ ያለ ምት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ክፍተቱን ይሞላና ምቱን ያለዝበዋል፤ ሲሞቅ ግን ዘይቱ ይቀጥንና ድምፁ ይባባሳል። የእርስዎ የጠዋት ድምፅ አካሄዱ የዚህ ተቃራኒ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ባለሙያው ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶችን በየተራ ይንቀል፤ መያዣው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፒንሳ ይሁን፣ የተነቀለውም ገመድ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ይገናኝ፤ አለዚያ ሰውንም ኮይሉንም ይጎዳል። የአንዱ ሲሊንደር ገመድ ሲነቀል ምቱ ጉልህ በሆነ መንገድ ከቀነሰ ጥርጣሬው በዚያ ሲሊንደር ቢኤላ ወይም ፒስተን ላይ ይወድቃል። ምንም ለውጥ ከሌለ የቢኤላው ነገር በጣም የራቀ ነው። ይሁንና ሞተሩ በሞቀበት ሰዓት የዘይት መብራት ብልጭ ካለ እና ከታች ከባድ ምት ከተሰማ፣ ያን ጊዜ መኪናውን አቁመው ማስጎተት እንጂ እስከ ጋራዥ እየነዱ መሄድ አይገባም።

ባልቦላም ቢሆን የራሱ መታወቂያ አለው። በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ባልቦላ የሚከፈተው ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር የአንድ ባልቦላ ጠቅታ 400 ብቻ ይሆናል ማለት ነው፤ የቢኤላ ምት ግን ዙሩን ተከትሎ ይሄዳል። ጆሮው የለመደ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል። የላላ ባልቦላ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ሊቀንስ ቢችልም ሁለት ጊዜ በአግባቡ ተስተካክሎ ጠዋት ጠዋት ያው ከሆነ ግን ሦስተኛ ጊዜ ክዳኑን ከመክፈት በፊት ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል።

እኔ የምጠረጥረው የጭስ ማውጫውን ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያ ማሸጊያ) ነው፤ ጭሱ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ራስ) ወጥቶ ወደ ማርሚታ (ድምፅ ማፈኛው) የሚሄድበት ብረት ከቴስታታው ጋር የሚገጥምበትን ማለቴ ነው። ብሎኑ ሲላላ ወይም ጓርኒሲዮኑ ሲቃጠል ጭሱ በቀጭኑ እየተወረወረ ይወጣና ልክ እንደ ባልቦላ ጠቅ ጠቅ ይላል። ብረቱ ሲሞቅ ደግሞ ይሰፋና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ድምፁም ይጠፋል። ስንት መኪና በዚህ ምክንያት በከንቱ ባልቦላው እንደተነካካ ብነግርዎ አያምኑኝም። ምርመራው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሳይነሣ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት አለመኖሩን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ከዚያ አስነሥተው አንድ ሰው ወፍራም ጨርቅ በማርሚታው አፍ ላይ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይጫን፤ ጠቅጠቅታው ከፍ ካለ ቦታው ተገኝቷል። ይህ ከቤት ውጭ መደረግ አለበት፤ ጭሱ መርዛማ ነው።

ወፍራም ዘይት የቀየረውን ባለሙያ ሐሳብ ግን አልደግፍም። ወፍራም ዘይት ሕመምን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ እንደ ጎንደር ባለ ጠዋቱ በሚቀዘቅዝ አገር ደግሞ ወደ ላይኛው የሞተሩ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። አምራቹ ወዳዘዘው ዘይት ይመለሱ።

ወደ አቀበቱ ድምፅ ስንመጣ፣ ይህ ቤንዚኑና አየሩ ከትክክለኛው ጊዜ ውጭ ሲፈነዳ የሚሰማ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከአዘዞ ሲወጡ ድምፁ እንደጀመረ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይለውጡ፤ ወዲያው ከጠፋ ግምቴ ትክክል ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ መቅደሙ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ጉልበቱ ያንሳል። አንዳንድ ባለሙያ ያንን ለማካካስ ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ትንሽ አዙሮ እሳቱን ያስቀድመዋል፤ እዚህ ደጋ ላይ ሞተሩ ይህን በመጠኑ ይታገሠዋል። በዚያው ሁኔታ ወደ መተማ ቆላ ቢወርዱ ግን አየሩ ሞቃትና ወፍራም ስለሆነ መንጣጣቱ ይብሳል፤ እየቆየም ፒስተን እስከመብሳት ሊደርስ ይችላል። እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ ለዚሁ በተሠራ የመለኪያ መብራት ተለክቶ አምራቹ ባስቀመጠው ምልክት ይያዝ። ይህ ከሆነ በኋላም ካልተወገደ፣ የራዲያተሩን ሁኔታና በሲሊንደሩ ራስ ውስጥ የተከማቸ ከሰል አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ሦስተኛው ባለሙያ ክፉ አልናገርም፤ እኔም በወጣትነቴ አንድ የታክሲ ሞተር «ኮሎው ነው» ብዬ አውርጄ ፈትቼ፣ በመጨረሻ የላላው የኮሎው ፑሌጃ (ቺንጊያ የሚዞርበት ጎማ) ብሎን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባለመኪናውን ለማየት አፍሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቺንጊያውን (ዲናሞውንና የውኃ ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ) ነገር ሳላይ ከባድ ፍርድ አልሰጥም፦ ቺንጊያውን አውልቆ ሞተሩን ከግማሽ ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ ማስነሣት፣ ድምፁ ከጠፋ ዲናሞውን ወይም የውኃ ፓምፑን መመርመር ነው። ቺንጊያ ሲወልቅ የውኃ ፓምፑም ስለሚቆም ከዚያ በላይ ማቆየት አይቻልም።

አንድ ነገር አደራ። ጠዋት መኪናውን እየነዱ ወደ ጋራዥ ከወሰዱት ሲደርሱ ሞተሩ ሞቋል፣ የሚፈለገውም ድምፅ ጠፍቷል። ስለዚህ ማታውኑ አድርሰው እዚያው ያሳድሩት፤ ጠዋትም ባለሙያው አጠገቡ ቆሞ ኮፈኑ ተከፍቶ ሳለ የመጀመሪያውን ቁልፍ እርስዎ ራስዎ ያዙሩ።