ሳይቱ ይከፈታል፣ ኢሜይሉ ግን የለም

ወንድሜ፣ «ሆስቲንግ ከቀየርኩ ወዲህ ሳይቱ ይሠራል፣ የቢሮው ኢሜይል ግን አይገባም፤ ይሄ ሁሉ የዲኤንኤስ ሪከርድ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ዲኤንኤስ ማለት ዶሜይንህ፣ ማለትም የሳይትህ ስም፣ የት እንደሚገኝ የሚነግር ማውጫ ነው፤ ሪከርዶቹ የማውጫው መስመሮች ናቸው። እኔም በዚሁ ነገር አንዴ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ፒያሳ ያለ አንድ አስጎብኚ ቢሮ ነው። ዓርብ ማታ ሳይታቸውን አዛወርኩ፣ ኔምሰርቨሩን (ማውጫው ያለበትን ሰርቨር) ቀየርኩ፣ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ደወሉ። «ከዓርብ ወዲህ አንድም ቡኪንግ አልገባም፤ ደንበኞች የላክነው ተመለሰብን እያሉ ነው» አሉኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። ኤንኤስ (ኔምሰርቨር) ሪከርድ የሚናገረው ስለ ዶሜይኑ መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ነው። እሱን ስትቀይር አሮጌው ቦታ የተጻፈው አብሮህ አይመጣም። አዲሱ ላይ እንደገና ካልጻፍከው የለም።

እንዲህ አስበው። ቢሮህ ፒያሳ ነው፤ ደብዳቤህ ግን የሚገባው ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ካለው ሳጥንህ ነው። ኤ ሪከርድ የቢሮው አድራሻ ነው፤ ስሙን ከሰርቨሩ አይፒ ቁጥር ጋር ያገናኛል። ኤምኤክስ ደግሞ የፖስታ ሳጥን ቁጥሩ ነው። ቢሮ ስለቀየርክ ሳጥን መቀየር የለብህም። የኔ ጉድ ግን አዲሱ ሆስቲንግ በራሱ ጊዜ ወደ ራሱ የሚያመለክት ኤምኤክስ ጽፎ ነበር። ኢሜይሉ እዚያ ሲደርስ የሚቀበለው አካውንት የለም፤ ተመለሰ። ኤምኤክሶች ብዙ ከሆኑ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፤ 10 ካልሠራ 20 ይሞከራል።

ሲኔም አንዱን ስም ወደ ሌላ ስም ይመራል። ብቻ ዋናው ዶሜይን ላይ አታስገባው፤ ከሌሎቹ ሪከርዶች ጋር ይጋጫል።

ቲኤክስቲን፣ ማለትም ጽሑፍ የሚይዘውን ሪከርድ፣ አትናቀው። ኤምኤክሱን አስተካክዬ ተገላገልኩ ስል የቢሮው ኢሜይል ስፓም ውስጥ መግባት ጀመረ። ኤስፒኤፍ (በዶሜይኑ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደለት ማን እንደሆነ የሚናገረው) እና ዲኪም (የኢሜይሉ ፊርማ ማረጋገጫ) የሚጻፉት ቲኤክስቲ ላይ ነው፤ እነሱን ረስቼ ነበር። ኤስፒኤፍ ደግሞ ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው። ሁለት ካደረግከው ሁለቱም ከንቱ ናቸው።

አሁን የአሮጌው ሆስቲንግ ፓነል ሳይዘጋብህ ግባና ሁሉንም ሪከርድ ኮፒ አድርግ። አዲሱ ላይ ራሱ የጻፈውን ኤምኤክስ አጥፍተህ የድሮውን መልሰህ ጻፍ። ቲቲኤሉ (ሌሎች ሰርቨሮች መልሱን ስንት ሰከንድ ይዘው እንደሚቆዩ የሚናገረው ቁጥር) 86400 ከሆነ እስከ አንድ ቀን ድረስ አሮጌውን መልስ የሚያዩ ይኖራሉ፤ አትደንግጥ። ለሚቀጥለው ዝውውር ግን ከአንድ ቀን በፊት ወደ 300 አውርደው።

ካቃተህ የሪከርዶቹን ስክሪንሾት እዚህ ለጥፍ። ፓስወርዱን ግን አደራ፣ ባለፈው አንዱ እሱንም ጨምሮ ለጥፎልናል።