በ10 ቀኑ የተቀባ ልስን

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን! ሳሎናችን በተለሰነ በ10 ቀኑ ቀለም አስቀባነው፣ አሁን ቦታ ቦታው ላይ እየተላጠ ነው፣ ማታ መብራት ሲበራ ደግሞ ሸካራው ሁሉ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በጣም ያበሳጫል፣ ግን ይስተካከላል። በኔ ግምት ችግሩ መቸኮሉ ነው። የሲሚንቶ ልስን ላዩ ደረቅ ቢመስልም ውስጡ ውሃ አለው፣ እስኪደርቅ 4 ሳምንት አካባቢ ይፈልጋል፣ በዛ ላይ ትኩስ ሲሚንቶ አልካላይ (እንደ ኖራ የሚያቃጥል) ስለሆነ ቀለሙን ይበላዋል። መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው አንድ ቀን ይተዉት፣ ከውስጥ በኩል ላብ ካወጣ ገና ነው ማለት ነው።

የተላጠውን አሁኑኑ በስፓቱላ ፍቀው ያንሱትና ይጠብቁ። ሲደርቅ ስቱኮ (ግድግዳ ማለስለሻ ሊጥ) በስሱ 2 ጊዜ ያስመቱ፣ አንዴ በወፍራሙ ከተመታ ይሰነጠቃል። ከዛ በ180 ወይ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው (አፍንጫዎን ይሸፍኑ እባክዎ)፣ ልስላሴው የሚመጣው እዚህ ጋ ስለሆነ አይሰልቹ፣ የእጅ ባትሪ ግድግዳው ጋ አስጠግተው በጎን ሲያበሩት እያንዳንዷ ጭረት ጥላ ስለምትጥል የቀረችውን ያገኟታል።

አቧራውን በደንብ ጠርገው አልካላይ የሚቋቋም ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ያስቀቡ፣ ሲደርቅ ቀለሙን በስሱ 2 እጅ። ሮሎው (ተሽከርካሪው ቀለም መቀቢያ) ቅድም የተቀባው ሳይደርቅ ጫፉ ላይ ይድረስበት፣ ያለዚያ መስመር ይሰራል።