የዓሣ ዘረመል ጥናት፦ ከላቦራቶሪው በፊት ሐይቁ

ባሕር ዳር የምትኖሪ የባዮሎጂ ተመራቂ ነሽ፤ ሁለተኛ ዲግሪሽን በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ (ላቢዮባርበስ) የዘረመል ልዩነት ላይ መሥራት ፈልገሻል፤ የላቦራቶሪ ልምድ አለመኖሩ አስፈርቶሻል።

ላቦራቶሪው አያስፈራሽ። ዲኤንኤ ማውጣትና በፒሲአር (የዲኤንኤ ቁራጭ በሚገለብጥ የላቦራቶሪ ዘዴ) ማባዛት ይለመዳል፤ የዲኤንኤውን የፊደላት ቅደም ተከተልም በክፍያ የሚያነቡ አሉ። ጥናት የሚበላሸው ሐይቁ ላይ ነው። ከአንድ መረብ የወጡ የዓሣ ጫጩቶች የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነሱን ወስደሽ ሁለት ቦታ ብታወዳድሪ የሌለ ልዩነት ይታይሻል። ከየቦታው 30 ያህል አዋቂ ዓሣ በተለያየ ቀን ሰብስቢ። የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል የክንፍ ቁራጭ 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ክተቺ። ኢታኖሉ ከቁራጩ ቢያንስ 5 እጥፍ ይሁን፤ የዓሣው ውሃ ስለሚያቀጥነው በማግስቱ ቀይሪው። ፎርማሊን ዲኤንኤ ያበላሻል፣ አትንኪው። መለያውን በእርሳስ ጻፊ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይለቃል።

ነጭ ዓሣን ግን ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርሽም። ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተዋል፣ ማራኪ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክሮሞዞም 6 ቅጂ አለው። የተለመዱት የመተንተኛ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለ2 ቅጂ ነውና ስሌቱ ይዛባል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ባለ 2 ቅጂ ነው፣ ሙሉ ጂኖሙ (የዘረመል መረጃው በሙሉ) ተነቧል፣ ጣናም ዝዋይም ሐዋሳም ጫሞም ይገኛል። እንቅፋቱ ሰው ነው፦ ቆሮሶ ከውሃ ወደ ውሃ ተጓጉዟል። የየሐይቁን የጫጩት ጭመራ ታሪክ ሳታጣሪ ናሙና አትውሰጂ።

አንድ ነገር አታምታቺ። የጣናና የጫሞ ቆሮሶ በዘረመል ተራርቀው ብታገኚ፣ ተነጥለው መኖራቸውን እንጂ ከአካባቢያቸው ጋር መላመዳቸውን አላሳየሽም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ፣ ጫሞ 1,100 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በሰውነታቸው ቢለያዩም ልዩነቱ የሙቀቱ ወይም የምግቡ ውጤት ሊሆን ይችላል። ይህን የምትለዪበት መንገድ የሁለቱንም ሐይቆች ዓሣ ልጆች በአንድ ዓይነት ኩሬ፣ በአንድ መኖ ማሳደግ ነው፤ የእናት ተጽዕኖ እንዲደበዝዝ ሁለተኛው ትውልድ ይሻላል። ለኩሬ ሰበታ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቂ። ሥራ የማግኘት ዕድልሽም እዚህ ላይ ይሰፋል፦ በቀዝቃዛ ደጋ የትኛው ዘር ቶሎ እንደሚያድግ ማወቅ ለጫጩት አባዢዎች ገንዘብ ነው።

ለአማካሪ መምህር ከመጻፍሽ በፊት አር (R) የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተማሪ፤ በነጻ የተለቀቀ የቆሮሶ መረጃ አውርደሽ ተንትኚ። ከዚያ ጥያቄሽን፣ ቦታዎቹን፣ የናሙናውን ብዛትና ወጪውን በአንድ ገጽ ላኪ። ናሙናው ውጭ አገር የሚነበብ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውን መረቡ ውሃ ሳይነካ ጀምሪው።